ገፊ ያሏት ሾፌር

ሄስተር ሉድላምን ገፊ ማለት የጀመሩት ሁለተኛው ልጅ የቀረ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የካናዳ ልጅ ነበር፤ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሲኒማ ወሰዳት፣ በሳምንቱ ሃምቡርግ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ጸጉረ ቀይ ልጅ ነበር፤ በገና ጭፈራ ላይ ደጋግሞ አስነሣት፣ ዓመቱ ሳይለወጥ በርሊን ሄዶ አልተመለሰም። በቃ። በዚያ የብርድ ወራት ከሰፈራችን ስንት አውሮፕላን ወጥቶ እንደቀረ ማን ይቁጠረው፤ ሄስተርን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ልጆች እንኳ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ሰው ግን ጥፋተኛ ካላገኘ አያርፍም። ጀርመን ሩቅ ነው፣ ሄስተር ደግሞ እዚሁ ናት። «እግሯ ደረቅ ነው፣ የነካችው አይበረክትም» አሉና ተገላገሉ።

እኔ ማቭስ ክሌግ ነኝ፤ በዚያ የሊንከንሻየር የአየር ኃይል ሰፈር የሳጅኖቹ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። አገሩ ሁሉ ምግብ በራሽን ተቆጥሮለት ዕንቁላል ሲናፍቅ እኔ ለበራሪዎቹ እጠብስ ነበር፤ ሲሄዱ አንድ፣ ሲመለሱ አንድ። ልጆቹ ማዕድ ላይ የማትቀር ቀልድ ነበረቻቸው፤ «ካልተመለስክ ዕንቁላልህ የእኔ ነው» ይባባላሉ። መልሷም የታወቀች ናት፤ «አንተ ካልተመለስክ ደግሞ ብስክሌትህ የእኔ ነው።» ይህን ሳይባባል ከገበታ የሚነሣ አልነበረም። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሰቀጠጠኝ፣ በኋላ ለመድኩት።

ሄስተር በራሪዎቹን ከልብስ መልበሻው እስከ አውሮፕላኖቻቸው በጭነት መኪና የምታደርስ ሾፌር ነበረች። የባለ ርስት ልጅ ናት፤ አባቷ ቤት በር የሚከፍተው ሰው ሌላ፣ ሻይ የሚያቀርበው ሰው ሌላ ነው። እሷ ግን ኩራት የሚባል አልፈጠረባትም። ያ ስም ከወጣባት ወዲህ መኪናዋ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያስራሉ፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ የማሰሪያው ነገር አያልቅም። ባዶ መኪና ነድታ ትመለስና እኔ ጋ ወጥ ቤት ገብታ ድንች እየላጠች ታለቅሳለች።

«ማቭስ፣ እኔ እኮ አንዱንም አልሳምኩት» ትለኝ ነበር።

ሻይ እቀዳላታለሁ፤ ሌላ ምን አቅም አለኝ።

በጥር አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ ሰባት በራሪዎች መኪናዋ ፊት ቆመው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ሲሉ አንዱ ዘሎ ገባ። ሮላንድ ፔግ ይባላል። የሃል ወደብ ልጅ ነው፤ አባቱ ከመርከብ ዓሣ የሚያወርድ ተሸካሚ። ሃያ ዓመቱ ነው፣ አጭር ነው፣ ጆሮው ከፊቱ ቀድሞ ያደገ ይመስላል። አጭር መሆኑ ለሥራው ጠቀመው፤ የጅራት ተኳሽ ነው። አውሮፕላኑ ጭራ ላይ ባለች የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ብቻውን ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣል። በጨለማ ከኋላ የሚመጣውን የጀርመን ተዋጊ አይቶ መጮህ ያለበት እሱ ነው። እሱ ካላየ የሚያይ የለም።

«እናንተ በዝናቡ ኑ» አላቸው ለጓደኞቹ፤ «እኔን እስከ ዛሬ የነዳኝ የዓሣ ጋሪ ብቻ ነው፤ ሴት ስትነዳኝ አልግደረደርም።»

ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱም ገባ፤ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቴ የእነሱ ቤት ሆነ። እኔ ጀርባዬን ስሰጥ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ስዞር ሁለቱም ድንች ይላጣሉ። የላጡት ድንች የለውዝ ፍሬ እስኪያህል ያንሳል። «አንተ፣ ይኼ ለሦስት መቶ ሰው ራት ነው» ስለው፣ «እትዬ ማቭስ፣ ልቤ እየተንቀጠቀጠ እጄ እንዴት ይርጋ?» ይለኛል። እኔ የፍቅር ነገር ብዙም አይሆንልኝም። እነዚህን ሁለቱን ሳይ ግን አንጀቴ ይርስ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሮላንድ ጓደኞቹ ከኋላው ምን እንደሚሉ አልሰማም።

እነዚያ ሰባት ልጆች እንዴት እንደሆኑ ልንገራችሁ። በአንድ ጎጆ ያድራሉ፣ በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ አንዱ ጉንፋን ከያዘው ሰባቱም ያስላሉ። ከእናት ልጅ ይበልጣሉ። ሠላሳ ጊዜ ሄዶ የተመለሰ ቡድን ይለቀቃል፤ እነሱ ከሃያ አልፈው ነበር። በዚያ ወራት ከእኛ ሰፈር ሠላሳ የጨረሰ አልነበረም። የቀረቻቸው ጥቂት ናት፤ ጥቂት ስትቀር ደግሞ ሰው የባሰ ይፈራል።

አንድ ከሰዓት ሄስተር ድንች ስትልጥ የቡድኑ አብራሪ ወጥ ቤት መጣ። ሃርግሪቭ ነው ስሙ፤ ልጆቹ «አለቃ» ይሉታል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ቢሆን ነው፣ ከጦርነቱ በፊት አስተማሪ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ትናንት «ሄስተር» ሲላት የነበረው ሰው፣

«ሚስ ሉድላም» አላት። ክፉ ነገር ይዞ እንደመጣ ያኔ አወቅኩ።

«እኔ አላምንበትም» አለ። «የባልቴት ወሬ ነው። ግን ፐርሲ እንቅልፍ አጥቷል። ቦምቡን የሚያነጣጥረው እሱ ነው፤ ትናንት በርሊን ላይ እጁ ተንቀጥቅጦ ዒላማውን ስቶ ሁለተኛ አዞረኝ። በዚያ እሳት ውስጥ ሁለተኛ መዞር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። 'ሮላንድ እሷን እየሳመ እየመጣ እኔ እንዴት ልረጋጋ' ይለኛል። ሌሎቹም አፋቸውን አይክፈቱ እንጂ ያው ናቸው።»

«ምን ላድርግ?» አለች።

«ልቀቂው። እስክንጨርስ።»

«ነግሬው…»

«እንዳትነግሪው። ከነገርሽው ከእኛ ጋር ይጣላል፤ የተጣላ ቡድን ደግሞ የሞተ ቡድን ነው። በራስሽ ምክንያት አድርጊው። እባክሽ። እሱም ከሰባቱ አንዱ ነው፤ ስለ እሱም ብለሽ።»

በትልቁ ማማሰያ ልለው ምንም አልቀረኝም። ምላሴን ነከስኩ እንጂ። ልጁ ደግሞ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ የስድስት ሰው ነፍስ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ማንን ይቆጣል? ሄስተር ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

በማግስቱ ሮላንድ እያፏጨ በጓሮ በር ገባ። እኔ ድስት ማጠቢያው ጋ ነኝ፤ መውጫ ስፈልግ ጀመረች።

«ሮላንድ፣ ከእንግዲህ አትምጣ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አባቴ ሰው አግኝቶልኛል። ሐኪም ነው፤ የእኛው ዓይነት ሰው።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«የእኛው ዓይነት ማለት?»

«አንተን እናቴ ገበታ ላይ እንዴት አስቀምጥሃለሁ?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልነበረም። «ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ እኮ። ብትታጠብም አይለቅህም።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ምክንያቱም ልጁ በሕይወቱ የሚፈራት ያችን አንዲት ነገር ነበር፤ እኔ ጋ ሲመጣ እንኳ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ነበር የሚታጠብ። እሷም ይህን ታውቃለች። እንዲያምናት ብላ እውነት የምትመስለውን ሁሉ ትታ የምትጎዳውን መረጠች። እሱ እጁን አየ፤ ከዚያ ቦኔቱን አድርጎ ወጣ። እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማን ማንን ያጽናና?

ከዚያ በኋላ ሮላንድ መናገር ተወ። ይበራል፣ ይመለሳል፣ ዕንቁላሉን ትቶ ይተኛል። ጓደኞቹ ግን ተነቃቁ። ፐርሲ እንቅልፍ አገኘ፤ ቦምቡንም ዒላማው ላይ ጣለ። «አየህ?» ይባባላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ለማን ልናገር?

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንድ እረፍት ቀን መንደሩ መጠጥ ቤት ውስጥ ፐርሲ ሞቅ ብሎት የሮላንድን ትከሻ አቀፈ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አለቃ ባይለምናት እስካሁን እንደነዚያ ልጆች ገፍታህ ነበር» አለው። ይህን የነገሩኝ እዚያ የነበሩት ናቸው። ሮላንድ ቢራውን አስቀምጦ ወጣ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ በጭቃ ተለውሶ ወጥ ቤቴ ገባ። ሄስተር እዚያው ነበረች።

«እሸታለሁ ወይ?» አላት።

ቀና አለች።

«ንገሪኝ። ዓሣ እሸታለሁ ወይ?»

«አትሸትም» አለች። «በጭራሽ። ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸተው።» ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱም እጆቿን ገልጦ ሳማት፣ እኔ ፊት። እኔም እንደ ዕብድ ሳቅኩ፤ እንባዬም ይወርዳል።

ቆይቶ ሲረጋጋ ፊቱ ጠቆረ።

«ከእነሱ ጋር አልበርም» አለ። «የሌላ ቡድን ተኳሽ እጁን ብርድ በልቶት ተኝቷል፤ አዛዡን ጠይቄ ወደዚያ እዛወራለሁ።»

«ሮላንድ፣ ወንድሞችህ ናቸው።»

«ወንድም እንዲህ አያደርግም።»

«ፈርተው ነው። አንተም ትፈራለህ፣ እኔም እፈራለሁ። ብዙ አልቀራችሁም፤ ታገሥ። እኔ እጠብቅሃለሁ፣ ተደብቀንም ቢሆን…»

«እኔ አልደበቅም» አለ። «ምን ሠርቼ ነው የምደበቀው? በመጪው እሑድ አባትሽ ቤት እሄዳለሁ፣ በዋናው በር።»

ለመነችው፤ እኔም ለመንኩት። የሃል ልጅ ደግሞ አንዴ ግትር ካለ መልሕቅ ነው፤ አይነቃነቅም። አዛዡ ፈቀደ። ለእነ ሃርግሪቭ በእሱ ፈንታ አዲስ ተኳሽ ሰጧቸው፤ ገና አንድ ጊዜ የበረረ፣ ጢም ያላወጣ ልጅ።

በዚያው ሳምንት ሁለቱም ቡድኖች ታዘዙ። ሊሄዱ ሲሉ ዕንቁላል ሳቀርብ ሮላንድ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ሌላ ገበታ ላይ ተቀምጧል። ስድስቱ ከወዲያ ሆነው ያዩታል። በመጨረሻ ፐርሲ ተነሥቶ መጣ። ጆሮው ቀልቶ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ፣

«ሮላንድ፣ ካልተመለስክ ዕንቁላልህ የእኔ ነው» አለው።

ይቅርታ ነበር። ሌላ ቃል አያውቁበትም፣ ይቅርታቸው ይኸው ነው። ሮላንድ ቀና ሳይል መብላቱን ቀጠለ። ፐርሲ ትንሽ ጠብቆ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሲነጋጋ ጭጋግ ወረደ። አጠገቤ የቆመውን ሰው የማላይበት ጭጋግ ነው። አውሮፕላኖቹ ከላይ ድምፃቸው ይሰማል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ይጠፋል። ጥቂቶች እንደምንም አረፉ፤ የተቀሩትን ጭጋግ ወደሌለበት ሰፈር ላኳቸው። የሮላንድም አላረፈም፣ የሃርግሪቭም አላረፈም። ሄስተር ወጥ ቤት መጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ሻይ ሰጠኋት፣ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ወንበር አመጣሁላት፣ አልተቀመጠችም። ቦታ ቢኖር ነድታ ትሄድ ነበር፤ መኪናው ውጪ ቆሟል፣ ነዳጅ አለው፣ የት ትሂድ?

ቀትር ሲሆን ከቁጥጥር ክፍሉ ስልክ ተደወለ። የሮላንድ አውሮፕላን ባሕር ዳር ሌላ ሰፈር አርፏል፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። ሄስተር መስኮቱን ይዛ ቀስ ብላ ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ስልኩን ይዤ «የእነ ሃርግሪቭ አውሮፕላንስ?» አልኩ። የሃርግሪቭ የለም። ሌሎች በራሪዎች አይተዋል፤ ከኋላ ተመቶ ሲነድ፣ ማንም በጃንጥላ ሳይዘል ወረደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። እስከ ሻይ ሰዓት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «አንዱን ብትተው ስድስቱን በላች» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ያለውን ልጅ በእርጥብ ፎጣ ፊቱን ገረፍኩት። ምን ለውጥ አመጣ? ምንም።

ሮላንድን ከሰዓት በኋላ አመጡት። ምግብ ቤት ሳይመጣ ቀጥ ብሎ ጎጆው ገባ፤ ቡድን ቢቀይርም አልጋው ገና ከስድስቱ ጋር ነበር። ሳህን ሞላሁና ሄስተር ያዘችው፣ አብረን ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። ከሰባቱ አልጋ ስድስቱ ተገፍፏል፤ ሻንጣቸውን፣ የእናቶቻቸውን ፎቶ፣ ጫማቸውን ሁሉ ሰዎች መጥተው ሰብስበዋል። እንዲህ ነው ልማዱ፤ የሰው ዕቃ እዚህ አያድርም። ሮላንድ የራሱ አልጋ ላይ ቡትስ ጫማውን እንዳደረገ ተቀምጧል።

«ሮላንድ» አለችው።

ሲያያት ፊቱ በራ። እምላለሁ፣ በራ። ተነሣ። ሳህኑን ለእኔ ሰጥታ እጇን ወደ ጉንጩ ዘረጋች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ፈልጎ አልነበረም። እግሩ ከእሱ ቀድሞ ሸሸ። ወደታች እግሩን አየው፤ የሌላ ሰው እግር ያየ ያህል ተገርሞ ነው ያየው። እሷም አየችው። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አላምንበትም» አለ። «ሄስተር፣ በእናቴ እምልልሻለሁ፣ አላምንበትም።»

«አውቃለሁ።»

«ከኋላ ነው የመቷቸው። የእኔ ቦታ ነበር። ያ ልጅ ጨለማ ማየት ገና አልለመደም፤ እኔ ብሆን አየው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

«ያንተም አይደለም።»

«ፐርሲ ቀለደኝ እኮ። አልመለስኩለትም።» ከዚያ ሄስተርን አያት፤ እንደ ሕፃን ግራ ገብቶት ነው። «ታዲያ አንቺን ሳይ ለምንድን ነው እነሱ የሚመጡብኝ? ለምንድን ነው?»

አንዱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ይጠያየቁ ነበር፣ ይጣሉም ነበር፣ አንድ ነገር ይሆን ነበር። ሄስተር እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ሊይዛት ፈለገ፤ ሲፈልግ አየሁት፤ ክንዱ ግማሽ መንገድ መጥቶ ተመለሰ። ሳህኑን ከእኔ ተቀብላ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለት።

«ብላ» አለችው። «ይቀዘቅዝብሃል።»

ወጣን። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆምኩ።

«ተይው፣ ዛሬ ነው፤ ነገ ራሱ ይመጣል» አልኳት።

«አይመጣም» አለች። «ቢመጣም እኔ አልፈልግም። በሄደ ቁጥር እኔን እያሰበ ፈርቶ እንዲሄድ? እጁ እንዲንቀጠቀጥ? ነገ ወደ ሌላ ሰፈር አዛውሩኝ እላቸዋለሁ።»

ዓይኗ ደርቋል፤ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። ክንዴን ይዛ፣ ጭጋጉን እያየች፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ጠዋቱን ሙሉ እግዚአብሔርን ስለምነው ነበር፤ አትርፈው፣ እሱን ብቻ አትርፈው እያልኩ። አተረፈው፣ ማቭስ። ለእኔ አትርፈው አላልኩትማ።»